ሌባውን የሚይዝ ሚዛን፦ አዳማ ውስጥ በአንድ ወርቅ ቤት የገጠመን ጉዳይ

ሥራዬ ሚዛን መጠገን ነው። አዳማ ውስጥ ከሥጋ ቤት እስከ እህል መጋዘን የማልገባበት የለም። ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የተነሣሁት አንድ ወጣት በሚዛን ስህተት ሌባ ሊባል ትንሽ ቀርቶት ስለነበር ነው። የሰዎቹን ስምና የቤቱን አድራሻ ትቻለሁ። ቁጥሮቹን ከሥራ ደብተሬ እንዳሉ አስፍሬያለሁ። ባለቤቱም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

ጉዳዩ እንዴት ወደ እኔ መጣ

ከጥምቀት በኋላ ነው፤ የሠርግ ወቅት፣ ወርቅ ቤቶች ፋታ የማያገኙበት ጊዜ። አንድ የወርቅ ቤት ባለቤት ደወሉልኝ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል፣ ጋሼ ነው የምላቸው።

«ልጄ፣ ጥሩ ሚዛን ምረጥልኝ» አሉኝ።

«ምን ዓይነት ጋሼ?»

«ሌባ የሚይዝ።»

ዋጋም አልጠየቁኝም። ድምፃቸው ላይ ንዴት ሳይሆን ሐዘን ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ።

ወርቅ ቤቱና ደብተሩ

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ምድር ላይ መስታወት ያለው ሱቅ አለ። ፎቁ ላይ ሥራ ቤቱ። እዚያ ሁለት ሰው ይሠራል፤ የረጅም ዓመት ልምድ ያለው ወርቅ ሠሪ እና አንድ ረዳት ወጣት። ልጁ ይሞርዳል፣ ያጸዳል፣ ማታ ማታ ብናኙን ጠርጎ ይሰበስባል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጋሼ ጥሬውን ወርቅ ሱቅ ባለው ሚዛን መዝነው ይሰጣሉ። ሥራው ሲያልቅ ዕቃውና ብናኙ ተመዝኖ ይመለሳል። ሲሞረድና ሲበየድ መጉደሉ አይቀርምና ለብክነት በ100 ግራም 1 ግራም ይተዋሉ። ከዚያ በላይ ከጎደለ ጥያቄ ይነሣል።

እስከ መስከረም ቤቱ ውስጥ አንድ ሚዛን ብቻ ነበር። ሠራተኞቹ ለእያንዳንዷ ነገር ደረጃ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። ይህ ስላደከማቸው ጋሼ በጥቅምት ለፎቁ ሌላ ሚዛን ገዙ። እስከ 500 ግራም የሚመዝን፣ ትንሹ አሃዙ 0.01 ግራም የሆነ፣ ከቻይና የመጣ። ካርቶኑ ተከፈተ፣ ባትሪ ገባለት፣ ሥራ ጀመረ። በቃ።

ደብተሩ እንዲህ ይላል። በወር ወደ 640 ግራም ወርቅ ወደ ፎቅ ይወጣል። በመስከረም የጎደለው 5.7 ግራም ነበር። በጥቅምት 7.9 ሆነ። በኅዳር 8.3፣ በታኅሣሥ 8.1። የተፈቀደው 6.4 ነው። አንድ ግራም ወርቅ ዛሬ ከአሥር ሺህ ብር በላይ እንደሆነ አስቡት።

ልጁ ሥራ የጀመረው በመስከረም መጨረሻ ነበር። ጉድለቱ የጨመረው እሱ ከመጣ ወዲህ መሆኑ ሁሉም ዓይን ገባ። አዲሱ ሚዛንም በዚያው ሰሞን እንደመጣ ግን ማንም ልብ አላለም። ሰው ይጠረጠራል እንጂ ማሽን አይጠረጠርም። ጋሼ የሁለት ወር ደመወዙን በከፊል ቆርጠውበት ነበር። ልጁ አልተከራከረም። ዝም ማለቱ ደግሞ እንደ ጥፋተኛ አስቆጠረው።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ሦስት አሃዝ

እኔ ከመጠራቴ በፊት ጋሼ በራሳቸው አንድ ነገር ሞክረው ነበር። ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ የሚያሳይ፣ ማለትም እስከ 0.001 ግራም የሚያነብ የኪስ ሚዛን ገዙ። ሐሳባቸው ይገባኛል። አሃዝ ሲበዛ እውነት የሚበዛ ይመስላል።

ሚዛኑ ሳምንት አልቆየም። ከ50 ግራም በላይ አይሸከምም፤ የሙሽራ ሐብል ከነሰሃኑ ሲጫንበት ስህተት ይጽፋል። የመጨረሻው አሃዝ አይረጋም፤ አንዱ 12.403 ሲል ሌላው 12.408 ይላል፣ በዚያ ላይ ክርክር። አንድ ማታ ደግሞ ሲወለወል የመለኪያ መቀየሪያዋ ቁልፍ ተነክታ ግራሙ ወደ ካራት ተቀየረ። ጠዋት አምስት እጥፍ የሚያህል ቁጥር ሲወጣ ሁሉም ደነገጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። «ካራት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው። የወርቅ ካራት የጥራት መጠን ነው፤ ከ24 እጅ ስንቱ ወርቅ እንደሆነ ይነግረናል። 21 ካራት ማለት 87.5 በመቶ፣ 18 ካራት ማለት 75 በመቶ ወርቅ ነው። ሚዛን ላይ የሚታየው ካራት ግን የከበሩ ድንጋዮች ክብደት መለኪያ ነው፤ አንዱ 0.2 ግራም። ሁለቱ አይገናኙም።

አንድ አምባር፣ ሁለት ሚዛን

አዲስ ሚዛን ከመምረጤ በፊት ያሉትን ልያቸው አልኩ። ከሱቁ አንድ አምባር ወሰድኩ። ሱቅ ባለው ሚዛን አሥር ጊዜ መዘንኩት። ዘጠኝ ጊዜ 24.86፣ አንድ ጊዜ 24.85 አለ። ፎቅ ወጣሁና እንደዚያው አሥር ጊዜ መዘንኩ። ከ24.82 እስከ 24.84 ይል ነበር። አንዴም 24.86 አላለም።

ልዩነቱ 0.03 አካባቢ ነው። ትንሽ ናት። ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ናት። ይህ ነው ጆሮዬን ያቆመው።

ቀጥዬ 5 ግራም ገደማ የሆነ ቀለበት ሞከርኩ፤ ልዩነቱ ከ0.01 አይበልጥም። 92.40 ግራም የሆነ ሐብል ሞከርኩ፤ ልዩነቱ 0.11 ደረሰ። ዕቃው ሲከብድ ስህተቱም አብሮ ያድጋል። እንዲህ ሲሆን ችግሩ የዜሮ አይደለም፤ የካሊብሬሽን ነው፤ ማለትም ሚዛኑ በታወቀ ክብደት የተስተካከለበት ልክ ነው የተዛባው።

ግን የትኛው ነው ትክክል? ሁለት ሚዛን ሲጣላ ሦስተኛ ዳኛ ያስፈልጋል። በላብራቶሪ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። የተረጋገጠ የ50 እና የ100 ግራም የሚዛን ድንጋይ ለአንድ ቀን ተዋስኩ። ሱቅ ያለው ሚዛን 50.00 እና 100.00 አለ። የፎቁ 49.94 እና 99.88 አለ። ዳኛው ፈረደ።

ለምን አነሰ

የፎቁ ሚዛን አልተበላሸም። ካሊብሬት የተደረገው ሌላ አገር ነው፣ ይኸው ነው።

ዲጂታል ሚዛን ክብደትን የሚያውቀው ዕቃው ሲጫነው ውስጡ ያለው ብረት በስንት እንደታጠፈ ለክቶ ነው። የሚጫነው ደግሞ የመሬት ስበት ነው። ስበት በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ወደ ምድር ወገብ ስንቀርብ ይቀንሳል፣ ከፍታ ስንወጣም ይቀንሳል። አዳማ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይም ከ1,600 ሜትር በላይ ነች። ደቡብ ቻይና ባሕር ዳር ባለ ፋብሪካ የተስተካከለ ሚዛን እዚህ ሲመጣ ከሺህ አንድ ገደማ አሳንሶ ያነባል። 100 ግራም ላይ 0.1 ግራም ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ማለት ነው። ከሰሜን አውሮፓ ሳይስተካከል የመጣ ከሆነ ደግሞ 100 ግራም ላይ ከ0.3 ግራም በላይ ይደርሳል። አዲስ አበባ ተስተካክሎ ወደ አዳማ የወረደ ሚዛን እንኳን 100 ግራም ላይ አንድ ሁለት መቶኛ ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል።

ለሽንኩርት ሻጭ ይህ ምንም አይደለም። በወር 640 ግራም ወርቅ ለሚያስተናግድ ቤት ግን ከ0.7 ግራም በላይ ነው። ወርቁ በሱቁ ሚዛን ተመዝኖ ይወጣል፣ በፎቁ ሚዛን ተመዝኖ «ይመለሳል»። በየጊዜው ደረጃው ላይ የሚቀር ይመስላል።

ቁንጥር በቁንጥር

ይህ ብቻውን ግን ጉድለቱን አልሞላውም። ስለዚህ ልጁን «ማታ ማታ እንደምታደርገው አድርገህ አሳየኝ» አልኩት። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ፈተና መስሎታል።

ወረቀት አጥፎ ትንሽ ሰሃን ሠራ። ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው፤ 1.20 ግራም። ዜሮ አደረገው። ከዚያ ከሥራ ጠረጴዛው መሳቢያ በብሩሽ እየጠረገ፣ ቁንጥር በቁንጥር ወረቀቱ ላይ ያራግፍ ጀመር። ቢጫው አቧራ ወረቀቱ ላይ ይታያል። ሚዛኑ 0.00 ይላል። ሌላ ጨመረ፤ 0.00። ሌላ፤ 0.00። ትንሽ በዛ ያለ ሲጥል ብቻ 0.02 ብሎ መቁጠር ጀመረ። ሲጨርስ 1.07 አለ። ልጁ ይህን ነበር በየማታው ደብተር ላይ የሚጽፈው።

«አሁን ወረቀቱን አንሣው» አልኩት። አነሣው። ዜሮ የተደረገው ወረቀት 1.20 ስለሆነ ባዶው ሚዛን −1.20 ማለት ነበረበት። −1.25 አለ።

ልጁ ነው ቀድሞ ያየው። «አምስት መቶኛ በላ» አለ በቀስታ።

ልክ ነው፣ በላ። ብዙ ርካሽ ሚዛኖች ራሳቸውን በራሳቸው ዜሮ የማድረግ ጠባይ አላቸው። ሙቀት ሲቀያየር ቁጥሩ እንዳይንሸራተት ተብሎ የተሠራ ነው። ዜሮ አካባቢ ትንሽ ለውጥ በዝግታ ሲመጣ ሚዛኑ «ይህ ዕቃ አይደለም፣ መንሸራተት ነው» ይልና መልሶ ዜሮ ያደርገዋል። ዱቄት ነገር ቀስ እያሉ የሚጨምሩበት ሰው ደግሞ ሚዛኑን የሚያታልለው በትክክል በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ጠባይ በደንብ የሚያውቁት በውጭ አገር የጥይት ቀለሃ በራሳቸው የሚሞሉ ዒላማ ተኳሾች ናቸው። እነሱ ባሩድ የሚመዝኑት በግሬን ነው፤ አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ናት። ባሩዱን በፍሬ በፍሬ ያንጠባጥባሉ። ስለዚህ ሚዛን ሲመርጡ ስንት አሃዝ እንዳለው ብቻ አያዩም፤ ሲንጠባጠብ ተከትሎ ይቆጥራል ወይ ብለው ይፈትኑታል። አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ከባለ ዘንጉ የሜካኒክ ሚዛን አልተላቀቁም። የእኛ ወርቅ ሠሪ ብሩሽና የእነሱ ማንጠባጠቢያ አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት።

በቀን 0.05 ግራም ማለት በ26 የሥራ ቀን 1.3 ግራም ነው። ከካሊብሬሽኑ 0.76 ጋር ሲደመር ከ2 ግራም በላይ ይሆናል። የኅዳሩ 8.3 ላይ ይህን ብንቀንስ ወደ 6.2 ይወርዳል። ከተፈቀደው በታች።

ሣጥኑን ከፈትን

ስሌት ለጋሼ አይበቃም። እሳቸውም እውነታቸውን ነው፤ የእኔ ስሌት ወርቅ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ነበር።

ብናኙ በየማታው ከተመዘነ በኋላ ቁልፍ ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ይጠራቀማል። ወር ሲሞላ ይቀልጣል። ሲቀልጥ ቆሻሻውና የሞረድ ብረቱ ስለሚለይ የቀለጠውን ከደብተሩ ድምር ጋር ማንም አስተያይቶት አያውቅም። የጥር ወር ገና አልቀለጠም ነበር። በደብተሩ የ17 ቀን ድምር 19.62 ግራም ነው።

ቁልፉ ጋሼ ዘንድ ነው። ሣጥኑን እሳቸው ከፈቱ። ሱቅ ባለው ሚዛን፣ አስቀድሞ በተመዘነ የብረት ሰሃን፣ አንድ ጊዜ ገልብጠን መዘንን። 20.47 ግራም።

ሌባ የነካው ሣጥን ይጎድላል። ይህ ሣጥን 0.85 ግራም ተርፎታል።

ጋሼ ቁጥሩን ደጋግመው አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ወደ መደርደሪያው ሄዱና የአባታቸውን ባለ ሁለት ሰሃን የናስ ሚዛን አወረዱ። አቧራውን ጠራርገው «በዚህም ይታይ» አሉ። ሰሃኖቹን በክር የያዘ፣ መርፌው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ የሚያምር ዕቃ ነው። የተዋስነውን 100 ግራም ድንጋይ በአንድ ወገን አስቀመጡ። በሌላው ወገን የፎቁ ሚዛን ሲገዛ አብሮ የመጣውን 100 ግራም ድንጋይ። መርፌዋ ወደ ተዋስነው አዘነበለች።

ድንጋዩም ቀላል ነበር! ሱቁ ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው 99.93 አለ። ጋሼ መጀመሪያ «በዚያ ድንጋይ አስተካክለውና እንጨርስ» ብለውኝ ነበር። ብንሰማቸው ኖሮ ሚዛኑ ከማሳነስ ወደ ማብዛት ይሄድ ነበር። ባለ ሁለት ሰሃኑ ሚዛን ዕቃን ከድንጋይ ጋር ስለሚያስተያይ ስበቱ ለሁለቱም እኩል ነው፤ ቦታ ቢቀየር አይዋሽም። ቀርፋፋ ነው እንጂ ለዳኝነት ዛሬም ይሆናል።

ምርጫው

አሁን ሚዛን መምረጥ ይቻል ነበር። ሦስት ነገር ቀረበ።

አንደኛው ያለውን የፎቅ ሚዛን አስተካክሎ መቀጠል ነው። ካሊብሬሽኑ ይስተካከላል። ራሱን ዜሮ የማድረጉን ጠባይ ግን ማጥፊያ የለውም። ስለዚህ ለዱቄት አይታመንም።

ሁለተኛው እስከ 600 ግራም የሚመዝን፣ ትንሹ አሃዙ 0.01 ግራም የሆነ፣ የንፋስ መከላከያ ያለው የጠረጴዛ ሚዛን። ከቅንብሮቹ ውስጥ ያ ጠባይ ሊጠፋ ይችላል።

ሦስተኛው በማግኔት ኃይል የሚሠራ፣ እስከ 220 ግራም የሚመዝን፣ እውነተኛ 0.001 ግራም የሚያነብ። ዋጋው የሁለተኛው ብዙ እጥፍ ነው።

የጋሼ ልብ ወደ ሦስተኛው ሄዷል። ከእሱ ጋር ሌላ ፍላጎትም ነበራቸው፤ ደንበኛ ይዞት የሚመጣውን ወርቅ ጥራት በውኃ ሚዛን መለየት። ይህን ላስረዳ። ንጹሕ ወርቅ ከውኃ 19.3 እጥፍ ይከብዳል። መዳብና ብር ሲቀላቀልበት ይቀንሳል። ዕቃውን በአየር፣ ከዚያ በውኃ ውስጥ አንጠልጥሎ መዝኖ ልዩነቱን፣ ማለትም ዕቃው የገፋውን ውኃ ክብደት፣ ማስላት ይቻላል። አሁን የ3 ግራም ቀለበት ውሰዱ። ከውኃ 17 እጥፍ የሚከብድ ቢሆን የሚገፋው ውኃ 0.18 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ሚዛኑ በ0.01 ግራም ቢሳሳት መልሱ ከ16 እስከ 18 ይዋዥቃል። በዚህ 18 ካራትን ከ21 መለየት ዘበት ነው። ለዚህ ሥራ 0.001 የግድ ነው። የ40 ግራም አምባር ከሆነ ግን 0.01 ይበቃል፤ ስህተቱ ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ጥያቄዬ «ሥራ ቤቱ በየቀኑ ምን ይመዝናል?» የሚል ነበር። ትልቁ ሐብል 180 ግራም ይደርሳል። የብረት ሰሃኑ 90 ግራም ነው። ድምሩ 270። ባለ 220ው አይሸከመውም። ደብተሩም እስከ 0.01 ነው የሚጻፈው። ሁለተኛውን መረጥን። የውኃ ሚዛኑን ነገር ለሌላ ጊዜ አቆየነው።

ከሚዛኑ ጋር የ200 እና የ20 ግራም የተረጋገጠ ድንጋይ አስገዛኋቸው፤ ኤፍ2 የሚባለው ደረጃ። የ200 ግራሙ የተፈቀደ ስህተት 3 ሚሊግራም ነው፤ የሚዛናችን ትንሽ አሃዝ 10 ሚሊግራም ስለሆነ ይበቃል። ድንጋዩ ከሚዛኑ አሃዝ በጣም ያነሰ ስህተት ሊኖረው ይገባል፤ አለበለዚያ ዳኛው ራሱ ዳኛ ይፈልጋል። ድንጋዮቹን ራሳቸውን በየጊዜው አዲስ አበባ ልኮ በሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ማስፈተሽ ይቻላል። በጣት አይነኩም፤ ወዙ ይጨምራል፣ ላቡ ያዝጋል። በመቆንጠጫ ብቻ።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው ነገር አመዛዘኑን መቀየራችን ነው። ብናኝ ሚዛን ላይ ሆኖ አይጨመርም። መጀመሪያ ባዶው የብረት ሰሃን ይመዘናል፣ ይጻፋል። ብናኙ ከሚዛኑ ውጭ ሰሃኑ ላይ ይጠራቀማል። ከዚያ ሰሃኑ አንድ ጊዜ ይቀመጣል፣ ይነበባል፣ ይቀነሳል። ወረቀቱንም ያስጣልኩት ያለምክንያት አይደለም። በበጋ አየሩ ደረቅ ሲሆን ወረቀትና ፕላስቲክ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛሉ፤ ብናኙ ጠርዙ ላይ ይለጠፋል፣ ቁጥሩም ይዋልላል። ብረት ይህ የለበትም።

ቦታው ግን አስቸገረን። መጀመሪያ መስኮት ሥር አደረግነው፣ ብርሃን አለ ብለን። አዳማን የሚያውቅ ሰው ስህተታችንን ወዲያው ያየዋል። ይህች ከተማ በ2012 እና በ2015፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለላት በከንቱ አይደለም፤ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት። ያ ንፋስ በመስኮት ሲገባ ባዶው ሚዛን 0.03፣ 0.04 እያለ ይጨፍራል። ከመስኮት ሲነሣ ደግሞ መበየጃው ችቦ አጠገብ ሆነ፤ ሙቀቱ አንሸራተተው። ከባድ መኪና በመንገዱ ሲያልፍ የእንጨቱ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ከግድግዳው ጥግ፣ ከኩሽና ሥራ በተረፈ የግራናይት ቁራጭ ላይ አሳረፍነው። ሰላም ሆነ።

ማራገቢያውን ግን ማሸነፍ አልቻልንም። ሐሩሩ ከባድ ነው፤ ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ እሳት ፊት ናቸው። ሲመዝኑ ብቻ አጥፉት ብዬ ነበር። አንዳንዴ ያጠፋሉ፣ አንዳንዴ ይረሳሉ። የንፋስ መከላከያው ክዳን ባይኖር ይህ ብቻውን ልፋታችንን ገደል ይከተው ነበር።

ያንን ራሱን ዜሮ የማድረግ ጠባይ ስናጠፋው ሌላ ዕዳ መጣ። ጠዋት ሲከፈት ሚዛኑ እስኪሞቅ ይንሸራተታል። አሁን ከሥራ ግማሽ ሰዓት በፊት ይከፈታል። ከእያንዳንዱ መመዘን በፊት ዜሮ መሆኑ ይታያል። ይህን ያላሰብኩት የእኔ ጥፋት ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሮች በዚህ ምክንያት ተበላሽተዋል።

የጠዋቱ ፍተሻም በሦስተኛው ሳምንት ተቋርጦ ነበር። በየጠዋቱ 200 ግራሙና 20 ግራሙ ተጭኖ ቁጥሩ ይጻፍ ብለን ነበር። ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ስለሆነ ተረሳ። ወረቀቱን ሚዛኑ ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ከዚያ ወዲህ የጎደለ ቀን አላየሁም።

ሌላው ሰው ሊወስደው የሚችለው

ጉዳዩ የወርቅ ቢሆንም ነገሩ የወርቅ ብቻ አይደለም። ቅባት ቀላቅሎ ለሚሸጥ ፋርማሲስት፣ ለቡና ቀማሽ፣ ለሳሙና ሠሪ ያገለግላል።

ሁለት ሚዛን ያለው ቤት ሁለቱን በአንድ ድንጋይ ሳያገናኝ የደብተር ሂሳብ መሥራት የለበትም። ዕቃ በሚወጣበት ሚዛን ይመለስ፤ ካልሆነ ሁለቱ በየጠዋቱ ይተያዩ። አዲስ ሚዛን ከካርቶን ሲወጣ ካሊብሬት የሚደረገው ሥራ በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ተሸክማችሁ ከተማ ከቀየራችሁ እንደገና።

ሱቅ ሄዳችሁ ስትመርጡ የሚያሳየውን አሃዝ ብቻ አትጠይቁ። አንድ ዕቃ አሥር ጊዜ ጫኑበት፣ አሥሩንም ጻፉ። ሰሃን መዝናችሁ ዜሮ አድርጉትና ስኳር በፍሬ በፍሬ አንጠባጥቡበት። ከዚያ ሰሃኑን ከነስኳሩ አንሥታችሁ አሉታዊውን ቁጥር አንብቡ። ከሰሃኑ ክብደት የበለጠው የበላው ነው። ይህ ፈተና ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሻጩም ቅር አይለውም። ከከባዱ ዕቃችሁ ላይ የሰሃኑን ክብደት ጨምሩና አቅሙን በዚያ ለኩ።

ሚዛን ሳይፈተሽ ደግሞ የሰው ደመወዝ አይቆረጥ። ይህን ለማለት ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

አሁን ያለበት

አዲሱ ሚዛን በየካቲት ሥራ ጀመረ። በመጋቢት የጎደለው 5.9 ግራም፣ በሚያዝያ 6.1 ነው። ጋሼ የቆረጡትን ደመወዝ መልሰዋል። ልጁን ሱቅ ጠርተው፣ ወርቅ ሠሪው ባለበት፣ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» አሉት። እሱ መሬት መሬት እያየ «እሺ ጋሼ» ብሎ ወደ ፎቅ ወጣ።

ባለፈው ሳምንት ድንጋዮቹን ላይ ሄጄ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ሞልቶ ሌላ ተለጥፏል። የዚያ ጠዋት መስመር በልጁ እጅ ጽሑፍ 200.00፣ 20.00 ይላል። ከጎኑ «ማራገቢያ ጠፍቷል» ብሎ ጽፎበታል።